የተዋሱት ሰይፍ፦ ስለ ጃፓን የውጊያ ፊልሞች፥ ስለ ተከታዮቻቸውና በባዕድ አገር ዳግመኛ ስለ መሠራታቸው

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምሳሌያችን ስለ ልብስና ስለ ጌጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ስለ ድርሰት፥ ስለ ሥዕልና ስለ ዜማም ሲነገር እንሰማዋለን። አንድ ደራሲ የሌላውን ሐሳብ ወስዶ የራሱ አስመስሎ ባቀረበ ጊዜ አንባቢው ይህን ምሳሌ ያነሣበታል። ዳሩ ግን የዓለምን የኪነ ጥበብ ታሪክ በጥሞና የተመለከተ ሰው ከሌላ ያልተዋሰ፥ ለሌላም ያላዋሰ ሕዝብ እንደሌለ ይረዳል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መዋስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሳይሆን፥ የተዋሰ ሰው ምን ያህል ዕዳ አለበት፥ ዕዳውንስ በምን ይከፍላል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለመመርመር የጃፓን የሰይፍ ፊልሞች ታሪክ ግልጥ ምሳሌ ሆኖ ስላገኘነው፥ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ ጃፓን የገባው በ1896 እና በ1897 ነው። በዚያን ጊዜ ሳሙራይ የሚባለው የጦረኛ ወገን ሰይፍ ታጥቆ በአደባባይ እንዳይሄድ በአዋጅ ከተከለከለ ገና ሃያ ዓመት ያህል ብቻ አልፎ ነበር፤ አዋጁ የወጣው በ1876 ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ከተመለከቱት ሽማግሌዎች መካከል በወጣትነታቸው ሰይፍ የታጠቁ፥ ወይም የታጠቁትን በዓይናቸው ያዩ ብዙዎች ነበሩ። ያለፈው ሥርዓት ከአደባባይ ጠፍቶ በሰው ልብ ውስጥ ግን ገና ሕያው በነበረበት ሰዓት ሲኒማ መጥቶ ማደሪያ ሆነለት።

ፊልም ሠሪዎቹ ታሪኩን የወሰዱት ካቡኪ ከሚባለው ከጥንቱ የጃፓን ቴያትርና ከተራኪዎች አፍ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የተወደደው ጌታቸው በግፍ ስለ ሞተባቸው በ1703 ደሙን ስለ ተበቀሉት ስለ 47ቱ ጌታ ያጡ ሎሌዎች የሚናገረው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን ጌታ የሌለው ሳሙራይ ጃፓኖች «ሮኒን» ይሉታል። የጃፓን ሲኒማ አባት የሚባለው ሾዞ ማኪኖ (1878–1929) ማትሱኖሱኬ ኦኖዌ የሚባለውን ተዋናይ ይዞ እነዚህን ታሪኮች በብዛት አወጣ፤ ኦኖዌ በዘመኑ አንድ ሺሕ በሚያህሉ ፊልሞች ውስጥ እንደ ተጫወተ ይነገራል። ፊልሙ ድምፅ ስላልነበረው «ቤንሺ» የሚባል ተራኪ በሸራው አጠገብ ቆሞ ነገሩን ለተመልካች ያስረዳ ነበር። ውጊያው በመጀመሪያ እንደ ቴያትሩ ዝግ ያለና ጭፈራ የሚመስል ነበር፤ ከ1920 ወዲህ ግን ፈጣንና እውነተኛ እየመሰለ ሄደ። በ1925 የወጣው «ኦሮቺ» የተባለው ፊልም በዓለም ፍርድ ተበድሎ ብቻውን ከብዙዎች ጋር የሚታገል ሳሙራይ ያሳያል። እንግዲህ ብቸኛው ሰይፈኛ ከሆሊውድ የመጣ ሳይሆን፥ ከዚያው ከአገሩ የበቀለ ነው።

አኪራ ኩሮሳዋ በ1910 በቶኪዮ ተወለደ። በ1936 በኋላ ቶሆ ተብሎ በተጠራው የፊልም ኩባንያ ረዳት ሆኖ ገባ፤ በ1943ም «ሱጋታ ሳንሺሮ» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሙን ሠራ። ይህ ፊልም በጁዶ ትግል የሚሠለጥን የአንድ ወጣት ታሪክ ሲሆን፥ ሕዝቡ እጅግ ስለ ወደደው ኩባንያው በ1945 ተከታዩን አሠራው። በተከታዩ ውስጥ ግን የጦርነቱ ዘመን መንፈስ ገብቶበት ጀግናው አሜሪካዊ ቦክሰኛን ሲያሸንፍ ይታያል። የመጀመሪያው ፊልም ሰው ራሱን እንዴት እንደሚገዛ ሲያስተምር፥ ሁለተኛው ባዕድን እንዴት እንደሚመታ አሳየ። ተከታይ ፊልም ከገበያ ወይም ከመንግሥት ፈቃድ ብቻ ሲወለድ የሚደርስበትን ነገር ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው በ1945 ጃፓን ድል ሆና የአሜሪካ ጦር አገሩን በያዘ ጊዜ፥ ገዥዎቹ ሕዝቡ ወደ ጦርነት የተመራው ለጌታ በጭፍን በመታዘዝና ደምን በመበቀል ልማድ ነው ብለው ስላመኑ፥ በኅዳር ወር በፊልም እንዳይታዩ የተከለከሉ 13 ነገሮችን ዘርዝረው አወጡ። ቀደም ብለው ከተሠሩትም 236 ፊልሞች ታገዱ። ኩሮሳዋ በዚያ ዓመት የሠራው «የነብርን ጅራት የረገጡ ሰዎች» የተባለው ፊልም ለሕዝብ የታየው የአሜሪካ አስተዳደር ባበቃበት በ1952 ነው። በእነዚያ ዓመታት የሰይፍ ተዋንያን ሥራ እንዳይፈቱ ልብሳቸውን ለወጡ፤ ስመ ጥሩው ቺዬዞ ካታዎካ ሰይፉን በሽጉጥ ተክቶ ወንጀል መርማሪ ሆኖ ይጫወት ጀመር። በሰይፍና በሽጉጥ መካከል ያለው መንገድ እንግዲህ በመጀመሪያ የተጠረገው በአሜሪካ ሳይሆን በጃፓን በራሱ፥ በግድም ነው።

እገዳው በተነሣ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1954፥ «ሰባቱ ሳሙራይ» ወጣ። ኩሮሳዋ ከሺኖቡ ሃሺሞቶና ከሂዴዎ ኦጉኒ ጋር ሆኖ የጻፈው ይህ ታሪክ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ አገሩ በጦርነት በታወከበት ጊዜ የሆነ ነው። ሽፍቶች መከሩን ሊዘርፉ የሚመጡበት አንድ የገበሬዎች መንደር ሰባት ጌታ ያጡ ሳሙራዮችን ይቀጥራል፤ ደመወዛቸው ጠግቦ መብላት ብቻ ነው። ገበሬዎቹ ሩዙን ለጦረኞቹ እየሰጡ ራሳቸው ዘንጋዳ የመሰለ ጥቃቅን እህል ይበላሉ። ፊልሙ 207 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሥራውም አንድ ዓመት ያህል ስለ ወሰደ ኩባንያው በወጪው ተጨንቆ ብዙ ጊዜ አስቁሞት ነበር። በዝናብና በጭቃ ውስጥ የሚደረገውን የመጨረሻውን ውጊያ ኩሮሳዋ በብዙ ካሜራ ባንድ ጊዜ አነሣው፤ ይህም አሠራር ከዚያ ወዲህ ለዓለም የውጊያ ፊልም ትምህርት ሆነ።

ነገር ግን ፊልሙን ታላቅ ያደረገው ውጊያው ብቻ አይደለም። ከሰባቱ አንዱ ኪኩቺዮ የሚባለው፥ ቶሺሮ ሚፉኔ የተጫወተው፥ በእውነቱ ሳሙራይ መሳይ የገበሬ ልጅ ነው። ሳሙራዮቹ ገበሬዎቹ ከሞቱ ጦረኞች የገፈፉትን ዕቃ መደበቃቸውን አውቀው በተቈጡ ጊዜ፥ እርሱ ተነሥቶ ገበሬን ውሸታምና ስስታም ያደረገው መንደር የሚያቃጥል፥ ሴት የሚደፍር፥ እህል የሚቀማ ጦረኛ አይደለምን ብሎ ይዘልፋቸዋል። በመጨረሻም ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ። አራቱም የሚሞቱት በጠመንጃ ጥይት እንጂ በሰይፍ አይደለም። የተረፉትም መሪ፥ ታካሺ ሺሙራ ሆኖ የሚታየው፥ የቀሩት ገበሬዎች ሩዝ እየዘፈኑ ሲተክሉ አይቶ ድሉ የእነርሱ እንጂ የእኛ አይደለም ብሎ ፊቱን ወደ መቃብሮቹ ይመልሳል። ፊልሙ እንግዲህ ስለ ጀግንነት የሚናገር ሲሆን፥ ጦረኛው ወገን ለገበሬው ስላለበት ዕዳም ይናገራል። በዚሁ ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል የብር አንበሳ ተሸለመ።

አሜሪካኖች የዚህን ታሪክ መብት ገዝተው በ1960 «ታላላቆቹ ሰባት» በሚል ስም ዳግመኛ ሠሩት። አዘጋጁ ጆን ስተርጅስ፥ መሪ ተዋናዩ ዩል ብሪነር ነበረ። ሰባቱ ሳሙራዮች ሰባት ባለ ሽጉጦች ሆኑ፤ መንደሩም የሜክሲኮ መንደር ሆነ። ከሰባቱ አራት ሞተው ሦስት መትረፋቸው፥ መሪውም በመጨረሻ ያሸነፉት ገበሬዎች ናቸው ማለቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በጃፓኑ ፊልም ገበሬና ሳሙራይ በትውልድ የተለያዩ ወገኖች ስለ ሆኑ በመካከላቸው ያለው ገደል በፍቅርም በጀግንነትም አይሞላም፤ ወጣቱ ሳሙራይ የወደዳት የገበሬ ልጅ በመጨረሻ በአጠገቡ አልፋ ወደ እርሻዋ ትሄዳለች። በአሜሪካው ፊልም ግን ወጣቱ ሽጉጡን አውልቆ ከወደዳት ልጅ ጋር በመንደሩ ይቀራል፤ ሽጉጥ መታጠቅ ሥራ እንጂ ትውልድ አይደለምና። በዚህ ለውጥ አንድ መራራ እውነት ቢጠፋም፥ ለውጡ አሜሪካኖች ስለ ራሳቸው አገር ካላቸው እምነት የመነጨ ስለ ሆነ፥ ፊልሙ በራሱ እግር የቆመ ሥራ ሆኗል።

የተከታዮቹ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1966፥ በ1969 እና በ1972 ሦስት ተከታዮች ወጡ፤ በመጀመሪያው ተከታይ ከቀድሞዎቹ ተዋንያን የተመለሰው ዩል ብሪነር ብቻ ሲሆን፥ በኋለኞቹ ሁለቱ እርሱም የለም። በእያንዳንዱ ሰባት ሰዎች ይሰበሰባሉ፥ ደካሞችን ያድናሉ፥ ጥቂቶቹም ይሞታሉ። ቍጥሩ ቀረ እንጂ ጥያቄው አልቀረም። በ2016 አንትዋን ፉኳ ዴንዘል ዋሽንግተንን ይዞ ታሪኩን እንደ ገና ሠርቶታል። በሕንድም በ1975 የወጣው፥ የሕንድ ፊልም ወዳጆች የሆኑ አንባቢዎቻችን የሚያውቁት «ሾሌ»፥ መንደርን ከሽፍታ የሚያድኑ ቅጥረኞችን አሳብ ከዚሁ ምንጭና ከምዕራባውያን የሽጉጥ ፊልሞች ቀድቶ በሕንድ ዘፈንና በሕንድ ወዳጅነት አጣጥሞ አቅርቦታል።

አሁን ወደ ታላቁ ክርክር እንምጣ። በ1961 ኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ትርጓሜው ቅጥር ጠባቂ ማለት ነው። አንድ ሮኒን በሁለት የወሮበሎች ቡድኖች ወደ ተከፈለች ከተማ ይገባል። ስሙን ሲጠይቁት በመስኮት የሚታየውን የእንጆሪ እርሻ አይቶ ከዚያው ስም ያወጣል። ለሁለቱም ቡድኖች በተራ እየተቀጠረ እርስ በርሳቸው ያጨራርሳቸዋል። በመካከሉ ግን አንዲትን የተቀማች ሴት ከባልዋና ከልጅዋ ጋር አገናኝቶ ስለ ሰደደ ተይዞ ክፉኛ ይደበደባል፤ በሬሳ ሣጥንም ተደብቆ ከከተማው ይወጣል። ሚፉኔ በዚህ ሥራው በቬኒስ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አገኘ።

በ1964 በኢጣልያ «ጭብጥ ዶላር» የተባለ ፊልም ወጣ። አዘጋጁ ሰርጅዮ ሌዎኔ ነበረ፤ በፊልሙ ላይ ግን ስሙን ደብቆ የእንግሊዝኛ ስም አጻፈ። በፊልሙ ውስጥ ስሙ በውል የማይታወቅ ባለ ሽጉጥ ሁለት ቡድኖች ወዳሉባት ከተማ ይገባል፤ ለሁለቱም ይቀጠራል፤ የተቀማችን ሴት ከባልዋና ከልጅዋ ጋር ይሰዳል፤ ይደበደባል፤ በሬሳ ሣጥንም ያመልጣል። ለጃፓኖች የተከፈለ የመብት ዋጋ አልነበረም፤ የ«ዮጂምቦ» ስምም አልተጠራም። ኩሮሳዋና ቶሆ ኩባንያ ከሰሱ። ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ጃፓኖቹ ፊልሙ በዓለም ከሚያስገባው ገቢ 15 በመቶ፥ በጃፓን፥ በታይዋንና በደቡብ ኮርያም ፊልሙን የማሳየት መብት ተሰጣቸው። በአሜሪካም ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ዘግይቶ በ1967 ነው።

ሌዎኔ ግን የመከላከያ ቃል አላጣም። ሁለት ጌቶችን ባንድ ጊዜ የሚያገለግል ሎሌ በኢጣልያ ቴያትር ውስጥ ካርሎ ጎልዶኒ በ18ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አይደለምን፥ እንግዲህ እኔ የአያቴን ንብረት ወደ ቤቱ መለስሁ እንጂ የጃፓንን አልወሰድሁም አለ። ኩሮሳዋም ቢሆን ከአሜሪካ የተዋሰው ነገር አለ። «ዮጂምቦን» ሲሠራ ከዳሺየል ሃሜት መጽሐፍ በ1942 የተሠራውን «የብርጭቆ ቍልፍ» የተባለ ፊልም እንደ ተከተለ ራሱ ተናግሯል፤ ሐያስያንም የዚሁ ደራሲ «ቀይ መከር» የተባለው የ1929 ልብ ወለድ ለታሪኩ ቅርብ መሆኑን ያስረዳሉ። ከዚህም በቀር በ1957 የሼክስፒርን «ማክቤዝ»፥ በ1985 «ንጉሥ ሊርን» ወደ ጃፓን ዘመነ መሳፍንት አዛውሮ ሠርቷል።

ታዲያ በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ልዩነቱ እንዲህ ነው። የሁለት ቡድኖች ጠብ፥ በመካከሉ የገባ ብልህ ሰው፥ እነዚህ የማንም ያልሆኑ፥ የሰው ልጅ ሁሉ ንብረት የሆኑ አሳቦች ናቸው። ሴቲቱ፥ ድብደባው፥ የሬሳ ሣጥኑ፥ እርስ በርሳቸው የተያያዙበትም ቅደም ተከተል ግን የአንድ ደራሲ ድካም ነው። ኩሮሳዋ ከሃሜት የወሰደው የወንጀል ከተማን መንፈስ ነው፤ ሌዎኔ ከኩሮሳዋ የወሰደው ግን ግንቡን ከነማገሩ ነው። ደግሞም ኩሮሳዋ ምንጩን ሲጠየቅ ጠራ፤ ሌዎኔ ግን ፊልሙን ሲያወጣ ዝም አለ። ሕግ የሚፈርደው በዚህ ድንበር ላይ ነው።

ነገር ግን ፍርድ ለመስጠት ስንል የሌዎኔን ችሎታ ብንክድ ሌላ በደል እንሠራለን። የፊትን ገጽ እንደ ተራራ አቅርቦ ማሳየት፥ ከተኩስ በፊት ያለውን ዝምታ ማርዘም፥ የኤንዮ ሞሪኮኔን ዜማ እንደ አንድ ተዋናይ ማናገር፥ እነዚህ ከ«ዮጂምቦ» የተቀዱ አይደሉም። በ1965 እና በ1966 የሠራቸው ሁለት ተከታዮችም ከጃፓኑ ታሪክ ወጥተው በራሳቸው መንገድ ስለ ሄዱ፥ ከመጀመሪያው ይልቅ የእርሱ ሆነዋል። ስለዚህ ሌዎኔ ባለ ዕዳ ነበር እንጂ ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። በ1996 ዋልተር ሂል ብሩስ ዊሊስን ይዞ ይህንኑ ታሪክ ዳግመኛ በሠራው ጊዜ የኩሮሳዋ ስም በፊልሙ ላይ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ምንጩን በግልጥ ያከበረው ይህ ፊልም እንደ ሌዎኔው ፊልም አልታወሰም። ዕዳን መክፈል ሐቀኝነት ነው፤ ብቻውን ግን ጥበብ አይሆንም።

ስለ ተከታይ ፊልምም ኩሮሳዋ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ትቶልናል። «ዮጂምቦ» ብዙ ገቢ ስላስገኘ ኩባንያው ተከታይ ፈለገ፤ ኩሮሳዋም ከሹጎሮ ያማሞቶ ታሪክ የተወሰደና ለሌላ ፊልም የተዘጋጀ ጽሑፍ ስለ ነበረው፥ ያንኑ ለውጦ በ1962 «ሳንጁሮ» ብሎ አወጣው። በዚህ ፊልም አንዲት ወይዘሮ ጥሩ ሰይፍ በሰገባው የሚኖር ነው ብላ ጀግናውን ትገሥጸዋለች። በመጨረሻም ጀግናው ተቃዋሚውን በአንድ ምት ይገድላል፥ ደሙም እንደ ምንጭ ይፈነዳል፤ ወጣቶቹ ሲያደንቁት ግን እርሱ ይቈጣቸዋል፥ የሞተውም እንደ እርሱ ሰገባ የሌለው ሰይፍ መሆኑን ይነግራቸዋል። ተከታዩ እንግዲህ ሕዝቡ በመጀመሪያው ፊልም የተደሰተበትን ግድያ መልሶ የሚጠይቅ ነው። በ2007 በዚያው ጽሑፍ በጃፓን ዳግመኛ ሲሠራ ብዙ ያልተጨመረበት፥ የመጀመሪያው ነገሩን ጨርሶ ስለ ተናገረ ይመስለናል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው የዓይነ ስውሩ የዛቶይቺ ታሪክ ነው። ሰውነት በማሸት የሚተዳደር፥ ቁማር የሚወድ፥ ሰይፉን በምርኵዙ ውስጥ የደበቀ ይህ ሰው፥ በሺንታሮ ካትሱ ተዋናይነት ከ1962 እስከ 1973 ድረስ በ25 ፊልሞች ታየ። ኋላም በቴሌቪዥን 100 ክፍሎች ተሠሩለት፤ በ1989 አንድ ፊልም ተጨመረ። መብዛታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1958 የጃፓን ሲኒማ ቤቶች ተመልካች 1,127 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ቴሌቪዥን በየቤቱ በገባ ጊዜ ግን በ1963 ከግማሽ በታች ወረደ። ኩባንያዎቹም የታወቀውን ፊት መደጋገም ከአዲስ ነገር ይልቅ የማያሠጋ መስሏቸው፥ በ1970 ዛቶይቺን ከሚፉኔ ጋር፥ በ1971 ደግሞ ከሆንግ ኮንግ ባለ አንድ እጁ ሰይፈኛ ጋር አጋጠሙት። ቢሆንም ዳይዬ የተባለው ኩባንያ በዚያው በ1971 ከሰረ። ሆኖም ዓይነ ስውሩ ጨርሶ አልሞተም፤ በ1989 አሜሪካኖች የቬትናም ጦርነት ወታደር አድርገው ሠሩት፤ በ2003ም ታኬሺ ኪታኖ በአዲስ መልክ አቅርቦት በቬኒስ ተሸለመበት።

የታሪካችን መደምደሚያ ደግሞ ከሁሉ ይደንቃል። በሌዎኔ ፊልም ስሙ የገነነው ክሊንት ኢስትዉድ በ1992 «ይቅር ያልተባለ» የተባለውን ፊልም አዘጋጅቶ በመጨረሻው ላይ ለሰርጅዮና ለዶን መታሰቢያ ይሁን ብሎ ጻፈበት፤ ሰርጅዮ ያለው ያንኑ ሌዎኔን ነው። በ2013 ጃፓኖች በተራቸው ይህን ፊልም ወስደው ሠሩት። አዘጋጁ ሊ ሳንግ ኢል፥ ተዋናዩ ኬን ዋታናቤ ነው። ታሪኩን ወደ ሆካይዶ ደሴት አዛውረው ጀግናውን ሥርዓቱ የወደቀበት የቀድሞ ሳሙራይ፥ ሰይፍ የተከለከለበት ሰው አደረጉት፤ አይኑ የተባሉት የደሴቲቱ ጥንታውያን ሕዝብ የደረሰባቸውንም ግፍ አገቡበት። በ1961 ከጃፓን የወጣው ሰይፍ በኢጣልያ ሽጉጥ ሆኖ፥ በአሜሪካ አርጅቶና ተጸጽቶ፥ ከአምሳ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሰይፍ ሆኖ ወደ አገሩ ገባ። ሲመለስም ሲወጣ ያልነበረውን ጥያቄ ይዞ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ የተዋሰ ሰው ያዋሰውን ይጥራ፤ ሊከፈል የሚገባውንም ይክፈል፤ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው። ሁለተኛ፥ የተዋሰውን በራሱ መሬት ይትከል፤ «ታላላቆቹ ሰባት» እና የ2013ቱ ፊልም የቆሙት እያንዳንዱ የአገሩን ቍስል ወይም የአገሩን እምነት ስላገባበት ነው። ሦስተኛ፥ የሚጨምረው ጥያቄ ከሌለው አይድገም፤ ተከታይ ለመባል መከተል ብቻ አይበቃምና። በትምህርት ቤት የጓደኛውን ድርሰት የገለበጠውን ተማሪና የታላቅን ደራሲ አሳብ ይዞ በራሱ ቋንቋ የደከመውን ተማሪ አንድ አድርጎ የሚቀጣ፥ ወይም አንድ አድርጎ የሚያመሰግን መምህር ሁለቱንም ይበድላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ፥ አቅልጦ፥ በራሱ እጅ ዳግመኛ የሠራው አንጥረኛ ግን ጌጡን የእኔ ነው ቢል የሚከለክለው አይኖርም።